መስመር የሌለው አውራ ጣት

ኮምቦልቻ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱሏሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የሱሀይላ ሳል ለቀቃት ወይስ የደሴ ብርድ እንደ ልማዱ ይዟት ቀረ? አሚር አሁንም ጫማውን ግራና ቀኝ አዛውሮ ነው የሚያደርገው? ጉልበትሽንስ ዘንድሮ እንዴት አደረገሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ይላል። እኔ ከናፍቆቱም፣ ከእጄም፣ ከአንገቴም በቀር ደህና ነኝ ብልሽ ደህና የሆነው ምኗ ነው ብለሽ ግራ ይገባሻልና ዝም ብዬ አለሁ ልበልሽ።

ጽሕፈቴ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከተንጋደደብሽ አትፍረጂብኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ይህን አንድ ገጽ ለመሙላት ከዙህር ሶላት ጀምሮ ተቀምጫለሁ። ስልክ ብደውል እንደማታነሺ አውቃለሁ፤ ብታነሺም የባልሽ ወንድም አጠገብሽ ሆኖ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ። ጎረቤቴ እትዬ ሸዋረጋ ለገና ደሴ ልጃቸው ዘንድ ይወጣሉ፤ ደብዳቤውን በእጅሽ ይሰጡሻል። ብቻሽን ስትሆኚ ክፈቺው።

ከተያየን አራት ወር አልፎናል። እኔ ግን ደሴ በየጊዜው እወጣለሁ። ባልሽ ሸረፈዲን ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበት ሲገባ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ እስራቱ የመንግሥት ነው፤ የኔ ቁስል የራሱ ፋይል ይፈልጋል። የካሳው ክስ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አንገቴ ብቻውን ስለማይዞር፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሲያናግረኝ ከወገቤ ጀምሬ እዞርበታለሁ፤ የተቆጣሁት ይመስለውና ዝም ይላል። ደሴ ስደርስ ደግሞ ብርዱ ጠባሳውን ይሰበስበዋል። ችሎት በር ላይ እቀመጣለሁ። ዛሬ ዳኛዋ ስብሰባ ናቸው፤ ዛሬ ፋይሉ ከሌላ ፋይል ጋር ሄዷል፤ ዛሬ የሐኪም ቦርዱ ወረቀት ማኅተሙ ደብዝዟልና አሳድሰሽ ነይ። ቦርዱ ጉዳቴን በመቶኛ ነው የጻፈው፤ አርባ ሦስት በመቶ። እንግዲህ ይህን የምትጽፍልሽ የቀረችው ሃምሳ ሰባቷ ናት።

ስመለስ በሳላይሽ ሰፈር፣ በቤትሽ በኩል አልፋለሁ። ከሥር ያሉትን ሁለቱን ሱቆች አያቸዋለሁ፣ በላይ በረንዳው ላይ የልጆቹ ልብስ ተሰጥቶ አያለሁ። አንድ ቀን የሱሀይላን ቀይ ሹራብ አየሁት፤ እኔ የገዛሁላት ነው፤ እጅጌው አጥሯታል መሰለኝ። አልገባሁም። አንቺም ከውስጥ ሆነሽ አይተሽኝ ይሆናል፤ አልወጣሽም።

ፍርድ ቤት ቆመሽ ውስጥ ነበርኩ፣ ምንም አላየሁም ብለሽ መስክረሻልና ያላየሽውን ልንገርሽ። ረመዳን ሃያ ሦስት ነበር። ጠዋት ከደሴ ወርደሽ መጣሽ፣ ግራ ዓይንሽ አብጦ። እንዲያ ስትመጪ ሦስተኛሽ ነበር፤ ከእንግዲህ አልመለስም ብለሽ ማልሽልኝ። ከሰዓት በኋላ እኔ በረንዳዬ ላይ ለአፍጥር የሚሸጠውን ሳምቡሳ እጠብሳለሁ፤ አንቺ ውስጥ ሊጥ ትዳምጫለሽ። ሸረፈዲን መኪናውን አስፋልት ላይ ጥሎ መጣ። ጥሪያት አለኝ። አትመጣም አልኩት። ከዚህ የበለጠ አልተነጋገርንም። አንቺ ያኔ ወጥተሽ ከኋላዬ ቀሚሴን ጨብጠሽ ነበር። እንዴት አወቅሽ ካልሽኝ፣ ሲጨመደድ ተሰምቶኛል። መጥበሻውን ከነዘይቱ ሲያነሣ የሚያየው እኔን አልነበረም፤ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ነበር የሚያየው። እኔ ቀኝ እጄን ዘርግቼ ጋረድኩሽ።

ሰዎች ይጠይቁኛል፣ ቆጭቶሽ ያውቃል ወይ ይሉኛል። በጭራሽ እላለሁ። ሒጃቤን ለማሰር አንዱን ጫፍ በጥርሴ ስይዝ ግን ይቆጨኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ላንቺ ነው የምናገረው። እትዬ ሸዋረጋ ከግቢያቸው ሆነው ያዩትን ባይመሰክሩ ዘጠኙ ዓመትም ባልኖረ። አንቺ አላየሁም ስትዪ፣ የልጆቿ አባት ነው፣ ምን ታድርግ ብዬ ለሰው ሁሉ ተከራከርኩልሽ። በሆዴ ግን አልተውኩትም፤ አሁንም እዚያው አለ።

ሐኪሙ ምን እንዳለኝ አልነገርኩሽም። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካካ፣ የያዛቸው ቆዳው ነው እንጂ አጥንቱ ደህና ነው፣ አዲስ አበባ ሄደሽ ቢሠራልሽ ይፈታሉ አለኝ። ይህ ዓመት ካለፈ ግን መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቆዳው ቢለቅም ጣቱ አይታጠፍም፣ አይዘረጋም አለ። ካሳውን የምፈልገው ለዚህ ነው። የእህቷን ቤት ልታስሸጥ ነው እየተባለ የሚወራውን ሰምቻለሁ፤ ሳምቡሳ ሊገዙ መጥተው ፊቴን እያዩ የሚያወሩት ነው። ቤትሽን ምን አደርገዋለሁ? እጄን ነው የምፈልገው።

ነሐሴ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስትመጪ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በሩን ስከፍት ያየሁት አንቺን ብቻ ነበር፤ ደስ አለኝ። ከኋላሽ ሸኽ ዘይኑልአቢዲን፣ አቶ ገበየሁና የባልሽ ወንድም ሲገቡ ነው ነገሩ የገባኝ። ሸኹ ኒካሕሽን ያሰሩ ሰው፣ አቶ ገበየሁ የሸረፈዲን አባት የልብ ወዳጅ፤ እነሱን አልቀየምም። ሸኹ ልጄ ሐቅሽ ሐቅ ነው፣ ማንም አይክድሽም፣ ግን አፉ በይ፣ ይቅር በይና ልጆቹ ከቤታቸው አይውጡ አሉኝ። ምንም ሳልመልስ ዱዓው ተጀመረ። መቼም በኛ አገር ዱዓ ላይ መዳፉን ዘርግቶ አሚን ያለ ሰው ተስማምቷል ነው የሚባለው፤ ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ቢሄድ ሰላምታ የሚሰጠው አያገኝም። ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። የኔ ግራው ተዘረጋ፤ ቀኙ እንደተጨበጠ ቀረ። ሸኹ አዩትና ዱዓውን አቋረጡ። እኔም፣ አባቴ፣ ይህ እጅ የተፈታ ዕለት ዘርግቼው አፉ እላለሁ፣ እስከዚያ ግን እምቢ ብሏል አልኳቸው። አቶ ገበየሁ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሸኹም አላህ ይፍታልሽ ብለው ተነሡ። ከመቋረጡ በፊት አሚን ብሎ የነበረ አንድ ሰው ነው። ድምፁ አሁንም በጆሮዬ አለ፤ ያንቺ ነበር።

መስከረም ላይ ደግሞ ለፋይዳ መታወቂያ ልመዘገብ ሄድኩ። የምትመዘግበው ልጅ ጣቶችሽን መስታወቱ ላይ አሳርፊ አለችኝ። የግራዬን ወዲያው ተቀበለው። ከቀኜ፣ ከጭብጡ ውጪ የቀረችው አውራ ጣቴ ብቻ ናትና እሷን አስቀመጥኩ። እምቢ አለ። መስታወቱን ወለወለችው፣ ጣቴን በሶፍት ጠረገችው፣ ደግማ ሞከረች። በመጨረሻ ጣቴን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችውና፣ እህቴ አንቺ እኮ መስመር የለሽም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እንደ ተላጠ እንቁላል ልስልስ ብሏል። ሌላውን በዓይኔ ምስል ጨርሳ መዘገበችኝ። ልጅቷ አፍራ ስለነበር፣ እንግዲህ ሰርቄ የማልያዝ ሰው ሆኛለሁ ብዬ አሳቅኋት። የሚወራ ነገር አልመሰለኝምና ለማንም አላወራሁትም።

ኅዳር በቀጠሮዬ ቀን የሸረፈዲን ጠበቃ አንድ ወረቀት ለችሎቱ አቀረበ። ከተበዳይዋ ጋር በሽማግሌ ታርቀናል፣ ካሳዋን ትታለች፣ ይህንንም በአሻራዋ አረጋግጣለች ይላል። ነሐሴ 26 ቀን የተጻፈ ነው። ከግርጌው የሸኹና የአቶ ገበየሁ ፊርማ አለ፤ በስሜ ትይዩ ደግሞ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ። ዳኛዋ ወረቀቱን አሳይተውኝ፣ ይህ ያንቺ ነው ወይ አሉኝ።

ጥርት ያለ አሻራ ነው። መስመሮቹ ሁሉ ይቆጠራሉ። መሐሉ ላይ ብቻ ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ነጭ ሰረዝ አለበት። ድሮ በስለት ተቆርጦ የዳነ ጣት እንዲህ አድርጎ ያትማል አሉኝ ኋላ።

እታለም፣ ደጋን እያለን ሸንኮራ የላጥሽልኝ ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አንቺ አሥራ አራት። እናታችን፣ አላህ ይርሐማትና፣ ገበያ ሄዳለች። አልቅሼ አስቸገርኩሽ። የአባታችንን ማጭድ አንሥተሽ ልጣጩን ስትገፊ ሾለከና አውራ ጣትሽን መሐል ለመሐል ሰነጠቀው። ደሙ ሸንኮራው ላይ ወረደ። እንዳልፈራ ብለሽ እጅሽን በቀሚስሽ ጠቀለልሽው፤ ሸንኮራውን በግራ እጅሽ አጥበሽ ሰጠሽኝ፤ እኔም ቁጭ ብዬ በላሁ። ማታ እናታችን በማጭድ ምን ታደርጊ ነበር ብላ ስትቆጣሽ፣ እኔ ነኝ ያስቸገርኳት አላልኩም። ችሎት መሐል ቆሜ ይህን ለምን እንዳስታወስኩ አላውቅም።

ዳኛዋ ደግመው ጠየቁኝ። ምንይሉ፣ የነፃ ሕግ አገልግሎት የሰጠኝ ወጣት ጠበቃ ነው፣ ተነሥቶ መልስ የምንሰጥበት ቀን ይሰጠን አለ። ለጥር 19 ተቀጠረ። ስንወጣ አውራ ጣቴን አሳየሁት። ልጁ ደስታውን መደበቅ አቃተው። በቃ አሸነፍን፣ አንቺ ያላተምሽውን ማን እንዳተመው ፖሊስ በምርመራ ያወጣዋል፣ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ እስር አለው አለኝ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ሆንሽ አለኝ፤ ዳገቱ ነው አልኩት።

በሳምንቱ ሸኹ ዘንድ ሄድኩ። ጣቴን አገላብጠው አዩ። ወረቀቱ አሻራው ታትሞበት ነው የመጣልን አሉኝ። ፊት ለፊት አፉ ማለት አፍራ ነው እንጂ ልቧ ለስልሷል፣ ቤቷ ሆና አተመችው ተባልን፤ ያመጣው ሰው የማይጠረጠር ነውና ፈረምን፤ ካስፈለገ ፍርድ ቤት ቀርቤ ይህንኑ እናገራለሁ አሉ። ማን እንዳመጣው አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ልወጣ ስል ግን፣ ስምሽን ሳላነሣ፣ እህትሽ እንዴት ናት፣ እንቅልፍ ይወስዳታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ምንይሉን ስለ ቤቱ ጠይቄው ነበር። ቤቱ የባልና የሚስት ነው፤ ለካሳ የሚያዘው የሱ ድርሻ ብቻ ነው፣ የሚስቲቱን ድርሻ ማንም አይነካውም አለኝ። እሺ፣ ሳይሸጥ ከሁለቱ ሱቆች ኪራይ የሱ ድርሻ በየወሩ ይሰጠኝ ብንል ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከተስማማችሁ ለምን አይሆንም አለ። ያ ከተወሰነልኝ እሱን አይቶ ለሕክምናው የሚያበድረኝ ሰው አላጣም። ልጆችሽ ካደጉበት ቤት አይወጡም። ቤቱ ተሽጦ ልጆችሽ አስፋልት ላይ ይቀራሉ ያለሽ ሰው ካለ ዋሽቶሻል። ነሐሴ ላይ ሽማግሌ ሳታስከትዪ ብቻሽን መጥተሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ አብረን ሄደን እንጠይቅ ነበር። ይህ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እሑድ ስንቅ ስትወስጂለት ለሸረፈዲን ንገሪው። ጠበቃው ያንን ወረቀት ከጥር 19 በፊት ያንሣ። ያቀረበው ሰው ራሱ ካነሣው ወደ ምርመራ ላይሄድ ይችላል ብሎኛል ምንይሉ። ለምን ብሎ ከጠየቀሽ ዘይቱ የጣቷን መስመር አጥፍቶታል በዪው። በኔ ላይ ያደረሰውን ሁሉ የሚያውቅ መስሎኝ ነበር፤ ይህን ግን አያውቅም። ቢያውቅ የሌላ ሰው አሻራ በስሜ አያስቀርብም ነበር።

አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ዳኛዋን የኔ ነው ብያቸው ልገላገል እላለሁ። እትዬ ሸዋረጋ ይጠብሱልኛል፣ እኔ በግራ እጄ እሸጣለሁ፣ እንዲሁ እኖራለሁ፣ ምን ቸገረኝ እላለሁ። ዳገቱም ይቀርልኛል። ከዚያ ለሶላት ልነሣ ሒጃቤን አነሣለሁ፤ ጫፉን በጥርሴ እይዛለሁ። አይ፣ አልልም። ደክሞኛል፣ ግን የኔ ነው አልልም።

ወረቀቱ ካልተነሣ ጥር 19 ዳኛዋ ሲጠይቁኝ የኔ አይደለም እላለሁ፤ እጄንም አሳያቸዋለሁ። የማን ነው ካሉኝ አላውቅም እላለሁ። ለዚህች አንዲት ውሸት አላህ ይለፈኝ። ወላሂ ከኔ አፍ ስም አይወጣም። ግን መርማሪዎቹ የእያንዳንዱን ሰው ጣት እያመሳከሩ ነው አሉ የሚሠሩት፤ እነሱን እኔ ላስቆማቸው አልችልም። ሱሀይላና አሚር አባታቸውን እሑድ እሑድ ነው የሚያዩት። ሁለት ሰው በአንድ ቀን ለመጠየቅ ገና ልጆች ናቸው።

ወረቀቱ ይነሣ አይነሣ፣ አንቺ ግን ነይ። ኮምቦልቻ አሁን አየሩ ደግ ነው፤ የሱሀይላንም ሳል ይሽርላት ነበር። ስትመጪ ምንም አልጠይቅሽም። በረንዳው ላይ ሊጡን ትዳምጪልኛለሽ፤ እኔ እንዳልቻልኩበት አይተሽ ትስቂብኛለሽ። እጄ የተፈታ ዕለት ደግሞ መጀመሪያ የምመጣው ሳላይሽ ሰፈር፣ ቤትሽ ነው፤ ዱዓውን እዚያ ካቆመበት እንቀጥለዋለን። ያን ቀን አፉ የምለው ለሸረፈዲን አይደለም።

አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። ቤትሽን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልሽ። ለሱሀይላ ማር በሎሚ አሙቀሽ ስጫት፤ ሹራቡንም ለአሚር አድርጊውና ለሷ ሌላ እገዛላታለሁ።

በማጭድ የተላጠ ሸንኮራ ቁጭ ብላ የበላች፣
ታናሽ እህትሽ

ከዚህ በታች የምታዪው ሰማያዊ ነገር ቀለም ፈስሶብኝ እንዳይመስልሽ። የምንይሉን የማኅተም ቀለም ተውሼ ቀኝ አውራ ጣቴን አትሜልሽ ነው። ወደ መስኮቱ ውሰጂውና መስመር ፈልጊበት። ከዚያ ያንቺን ጣት አጠገቡ አድርጊው።